አንድ ሳሎን ለአራት የጥበብ ሰዎች፦ የጋራ ኪራይ ቤት ሲዋብ የትኛው አማራጭ ይሻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሠዓሊ፣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ የልብስ ዲዛይነርና ሙዚቀኛ በደባልነት ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲከራዩ ሐሳብ ሞልቶ ይተርፋል፤ ሳሎኑ ግን አንድ ነው። እንዲህ ባለ ቤት እያንዳንዱ ምርጫ በአንድ ጥያቄ ይመዘን፦ ነገ ግድግዳ ሳይጎዳ፣ ደባልም ሳይቀየም ሊነሣ ይችላል? ሠዓሊው አዲስ ሥራ ያመጣል፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ አከራይ ቤቱን ልይ ይላል። ግድግዳው ላይ የሚቀረው ሲያንስና የሚነሣው ሲበዛ ይህን ሁሉ መቋቋም ይቻላል። የእኛ ምክር በየንጽጽሩ ወደዚያ ያደላል።

አስቀድሞ ውሉን አንብቡ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ሁለት ዓመት ለአንድ ዙር ጥሩ ቀለምና ለአንድ ጠንካራ የሥዕል መስቀያ የሚወጣውን ገንዘብ ይመልሳል፤ ለግድግዳ ውስጥ ቁም ሣጥን ወይም ለጂፕሰም ኮርኒስ ግን አይበቃም። ከአከራዩ ጋር ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ተስማሙ፦ የትኛው ቀለም እንደሚቀባ፣ መብሳት እንደሚፈቀድና የት ላይ እንደሆነ፣ ስትወጡ ቤቱ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ። ዕቃ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሥታችሁ ለአከራዩም ላኩለት።

ማን ይወስናል?

በተግባር አራት መንገዶች አሉ።

ግድግዳ በየሰው መከፋፈል ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ ግድግዳዎች እኩል አለመሆናቸው ነው። ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ያለው የሁሉንም ዓይን ይስባል። መስኮት ያለበት ግድግዳ የደረሰው ሰው ግን ሥራውን ብርሃን ከጀርባው እየመጣ ማንም አያየውም። ጥቂት ወር ሳይቆይ ሳሎኑ አራት ሱቆች የተደረደሩበት መስሎ ይቀራል። ይህ መንገድ የሚያዋጣው ደባሎቹ ሁለት ሲሆኑ ወይም ለኮሪደር ብቻ ነው።

አንድ ሰው ይምራ ማለት ፈጣን ነው፤ ውጤቱም እርስ በርሱ ይስማማል። ነገር ግን ሌሎቹ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። ስለዚህ ገደብ አብጁለት፦ የግድግዳውን ቀለም፣ መጋረጃውንና መብራቱን ብቻ፣ በመጀመሪያው ወር ብቻ ይወስን። እነዚህ ሦስቱ ከአንድ ዓይን ሲመጡ ያምራሉ።

በድምፅ መወሰን ለአራት ሰው አይመችም። ሁለት ለሁለት ሲሆን ነገሩ ይቆማል፤ ሲያልፍም የሚያልፈው ማንም ያልጠላው፣ ማንም ግን ያልወደደው ነገር ነው።

ተራ በተራ መስቀል ለእንዲህ ዓይነት ቤት ከሁሉ ይበልጣል። ስምንት ስምንት ሳምንት አንድ ሰው የሳሎኑን ግድግዳ ያደራጃል። የራሱን ብቻ አይሰቅልም፤ ከእያንዳንዱ ደባል ቢያንስ አንድ ሥራ ያስገባል። ሌሎቹ በየዙሩ አንድ አንድ ሥራ ምክንያት ሳይጠየቁ «ይህ ይውረድ» ማለት ይችላሉ። ይህች መብት ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ ኩርፊያ ግን ታስቀራለች። የመቀየሪያው ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ፤ «ሲመቸን» ከተባለ የመጀመሪያው ዙር ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ይቀራል። እናትና አባት ከክፍለ ሀገር ሊጠይቁ ሲመጡ የማይመች ሥዕል ቢኖር አውርዶ ሌላ መስቀል የደቂቃ ሥራ ነው። የጸሎት ቦታና ቅዱሳት ሥዕላት ግን በዚህ ዙር ውስጥ አይግቡ፤ የየእምነቱ በየመኝታ ቤቱ ይሁን።

ያልተሰቀሉት ሥራዎች ይቁሙ እንጂ አይነባበሩ። ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ አድርጋችሁ ከወለሉ 5 ሳ.ሜ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ አስደግፏቸው። ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ እርጥበት ስለሚያስተላልፍ እዚያ አታስጠጉ፤ ሸራው ይሻግታል፣ የፎቶ ወረቀት ይቆለመማል።

ቀለም፦ ነጭ፣ ክሬም፣ ደማቅ ወይስ የግድግዳ ሥዕል?

ደማቅ ቀለም የሚወዱ ሰዎች በሚበዙበት ቤት ግድግዳው ዝም ማለት አለበት። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ግድግዳ ብርሃኑን አቅልሞ ይመልሳል፤ አጠገቡ የተሰቀለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀላ ያለ ጥላ ያርፍበታል፣ ዲዛይነሯም የጨርቁን ትክክለኛ ቀለም አታይም። ንጹሕ ነጭ ደግሞ በተለይ በነጭ አምፖል ሥር የክሊኒክ መልክ ይሰጣል፤ ቆሻሻም ቶሎ ያሳያል። እኛ የምንመርጠው ትንሽ ግራጫ ወይም ትንሽ ክሬም የነካውን ነጭ ነው። ለመለየት 50 በ50 ሳ.ሜ አድርጋችሁ ሁለት ቦታ ቅቡ፤ አንዱን መስኮቱ አጠገብ፣ ሌላውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት። ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ በአምፖል ሳታዩ ጋሎን አትግዙ።

ግድግዳው ላይ በቀጥታ መሣል የሠዓሊው የመጀመሪያ ሐሳብ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ጥቁርና ቀይ የበዛበትን ሥዕል ለመሸፈን ሦስት አራት እጅ ቀለም ይፈጃል። በዘይት ቀለም ከተሣለ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ሳይፋቅ የውሃ ቀለም አይይዘውም፤ ከተቀባም በኋላ የመስመሮቹ ጠርዝ ከሥር ያብጣል። በምትኩ 6 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ ግዙ። ሙሉው 122 በ244 ሳ.ሜ ሲሆን ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም፣ የደረጃው መታጠፊያም ጠባብ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ገበያ ላይ ለሁለት አስቆርጣችሁ 122 በ122 አድርጋችሁ አምጡት። ፊትና ጀርባውን ቀለም መቀበያ ፕራይመር ቀቡት፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል። ትልቅ ሥራ የሚፈልግ ሠዓሊ ስፋት ያገኛል፤ ሲወጣም ሥራውን ይዞ ይወጣል። ቀለል ያለ አማራጭ ከተፈለገ በሁለት ዘንግ መካከል የተወጠረ አቡጀዲ አለ። ሳይታጠብ አይሠራበት፤ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል።

ሳሎኑ የማያንጸባርቅ ቀለም ይሁን። የሚያብረቀርቀው ለማጠብ ቢመችም የጀሶውን እብጠትና ጉድጓድ ሁሉ ያጋልጣል፤ በተሰቀለ ሥራ ዙሪያም ነጸብራቅ ይፈጥራል። ለወጥ ቤቱና ለመግቢያው ግን የሚያብረቀርቀው ይመረጣል፤ እጅና ትከሻ የሚነካው ቦታ ነውና።

ስንት ያስፈልጋል? ሳሎኑ 4 በ3.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር ቢሆን የዙሪያው ግድግዳ 39 ካሬ ሜትር ነው። በሮችና መስኮቶች ሲቀነሱ 31 ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ለአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለሁለት እጅ ከ6 ሊትር በላይ ነው። ስለዚህ አራት አራት ሊትር የሚይዙ ሁለት ጋሎኖች ይበቃሉ፤ የሚተርፈው ለማረሚያ ይቀመጣል። ሁለቱም አንድ ቀን፣ አንድ የቀለም ቁጥር ተነግሮ ይበጠበጡ፤ በተለያየ ቀን የተበጠበጠ ቀለም ግድግዳው መካከል ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ቀለም የሚላጠው ብዙ ጊዜ ከሥር በነበረው ምክንያት ነው። በመዳፋችሁ ግድግዳውን ጥረጉ፤ ነጭ ዱቄት ከወጣ አሮጌው ኖራ ወይም ርካሽ ቀለም ነው፤ በላዩ የሚቀባው ሁሉ አብሮት ይረግፋል። ፋቁት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሲደርቅ ፕራይመር ስጡት። ስንጥቁን በስቱኮ ሙሉ፤ ሲደርቅ በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። በሁለቱ እጆች መካከል በበጋ አራት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ በክረምት ሌሊቱን ይደር። ጠርዝ ቀጥ እንዲል የለጠፋችሁትን የወረቀት ፕላስተር ሁለተኛው እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ላጡት፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞ ይመጣል። ጣሪያ ሥር ወይም በመታጠቢያ ቤቱ ወገን ቡናማ ክብ ከታየ ቀለም አትቀቡ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ተገኝቶ ሳይዘጋ የሚቀባ ቀለም አረፋ አውጥቶ ይወርዳል።

መስቀያ፦ ሚስማር፣ ፊሸር፣ ተለጣፊ ወይስ አንድ ረጅም ሐዲድ?

የዚህ ቤት ሰላም የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንሄድበታለን።

መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኩ። ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው በብሎኬት ተሠርቶ የተለሰነ ነው። እንደ ከበሮ የሚያስተጋባው ቀጭን ክፍልፋይ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን የሚባለው ቀላል ሰሌዳ ነው። አግሮስቶን ላይ ሚስማር መምታት ይሰነጥቀዋል። ከቀላል ክፈፍ በላይ አትስቀሉበት፤ እዚያ ወለል ላይ የሚቆም መደርደሪያ አስጠጉ።

የኮንክሪት ሚስማር ርካሽ ነው፤ መዶሻ ብቻ ይበቃዋል። ብሎኬት ላይ ግን ልስኑን በእጅ መዳፍ ልክ ሊያራግፍ ይችላል፤ ሁለት ኪሎ ያህል ከያዘ በኋላም ቀስ እያለ ይላላል። ሥራው በየስምንት ሳምንቱ ስለሚቀያየር ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ግድግዳው ወንፊት ይሆናል።

ተለጣፊ መንጠቆና ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለተከራይ የተሠራ ይመስላል። ሙጫው የሚይዘው ግን ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ግድግዳውን በደንብ ካልያዘ ሥዕሉ ሌሊት ከነቀለሙ ይወድቃል። ለፖስተርና ክፈፍ ለሌለው ፎቶ ይበቃል። መስተዋት ላለው ነገር ፈጽሞ አይሁን።

ፊሸር፣ ማለትም ተበስቶ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውና ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ አስተማማኝ ነው፤ አገባቡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። 6 ሚ.ሜ ፊሸር በ6 ሚ.ሜ ጫፍ ይበሳል፤ ከ4 እስከ 4.5 ሚ.ሜ ብሎን ይገባበታል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ የውጪው ቅርፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ከፊቱ ደግሞ 2 ሳ.ሜ ያህል ልስን አለ። አጭር ፊሸር ልስኑ ውስጥ ብቻ ይቀርና ከብሎኑ ጋር ይሽከረከራል። ስለዚህ ከ4 እስከ 5 ሳ.ሜ የሚረዝም ምረጡ። የድሪሉን መዶሻ አጥፍታችሁ በማሽከርከር ብቻ ብሱ፤ መዶሻው የቅርፊቱን ጀርባ ያፈነዳዋል፣ ፊሸሩም የሚጨብጠው ያጣል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይና በታች በቀጥታ አትብሱ፤ ሽቦው በዚያ መስመር ያልፋል። ከቧንቧ በላይም እንዲሁ።

ረጅም ሐዲድ የምንለው ከጣሪያው 15 ሳ.ሜ ያህል ወርዶ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ መስቀያ ነው። ከ2 በ5 ሳ.ሜ ጣውላ ወይም ውስጡ ባዶ ከሆነ ቀጭን ብረት (ቱቦላሬ) ይሠራል። ለ4 ሜትር ግድግዳ ከሁለቱም ዳር 10 ሳ.ሜ ገብታችሁ በ63 ሳ.ሜ ልዩነት ሰባት ቀዳዳ ትበሳላችሁ፤ ለዚህ 8 ሚ.ሜ ፊሸር ይሻላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ግድግዳ ላይ አንድም ቀዳዳ አይጨመርም። አሥራ አምስት ሥራ በየራሱ ፊሸር ቢሰቀል ቢያንስ አሥራ አምስት ቀዳዳ፣ በሚቀጥለው ዙር ሌላ አሥራ አምስት ይመጣል። ይህን ቁጥር ለአከራዩ ብታሳዩት ፈቃድ ለማግኘት ይቀላል። ሐዲዱን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ በግድግዳው ቀለም ቀቡት፤ ዓይን ይረሳዋል።

ከሐዲዱ የሚወርደው ገመድ ምን ይሁን? የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ስለማይታይ ይወደዳል። ነገር ግን ክብደት ሲይዝ ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል፤ ማታ የተስተካከለው ሥዕል በሳምንቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቀጭን የብረት ገመድ ከነማጠንጠኛው የተሻለ ነው። ሥራው ከ60 ሳ.ሜ በላይ ከሰፋ በሁለት ገመድ ስቀሉት፤ በአንድ ከተሰቀለ በር በተዘጋ ቁጥር ይጣመማል።

ሌላው ጥሩ አማራጭ 10 ሳ.ሜ ወርድ ያለው፣ ከፊቱ ትንሽ ከንፈር ያለው ጠባብ መደርደሪያ ነው። ለፎቶግራፍ አንሺው ከሐዲዱም ይመቻል፤ ክፈፎቹን ደርቦ ማስደገፍና በየቀኑ መቀያየር ይችላል። ከ60 ሳ.ሜ በላይ ለሚረዝም ሸራ ግን አይሆንም፤ ወደ ፊት ይወድቃል። ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፦ ትልቁ ግድግዳ ለሐዲድ፣ ከሶፋው ማዶ ያለው ለመደርደሪያ።

ከፍታን በተመለከተ፣ በኤግዚቢሽን አዳራሽ የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሳ.ሜ ይደረጋል፤ ያ ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። በርጩማ፣ ፍራሽና የቡና ረከቦት ባለበት ሳሎን ሰው ተቀምጦ ስለሚያይ ወደ 125 ወይም 130 አውርዱት። ይህ ለውጥ ብቻውን ክፍሉን ሰፊ ያስመስለዋል።

ሥራና ኑሮ በአንድ ክፍል

ሳሎኑን ለሁለት መክፈል ካስፈለገ መጋረጃ ከቀርከሃ መከለያና ከመደርደሪያ ይሻላል፤ ወደ ጎን ሲሰበሰብ እንግዳ ይስተናገዳል። የጨርቁ ስፋት ከዘንጉ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ካነሰ ተወጥሮ እንደ አንሶላ ይንጠለጠላል። በመንገድ ዳር የሚሠራው የቀርከሃ መከለያ ያምራል፤ ካልታከመ ግን ነቀዝ ይገባበታል። ሥሩ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ካያችሁ ወዲያው አውጡት፤ ወደ ሌላው የቀርከሃ ዕቃ ይዛመታል። መደርደሪያ ለክፍልፋይነት የሚመረጠው ዕቃ ማስቀመጫ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ ጋር ካልታሰረ ይወድቃል።

ሙዚቀኛው ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን ልለጥፍ ሲል አትፍቀዱ። ወደ ጎረቤት የሚሄደውን ድምፅ አያግድም፤ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ወፍራም መጋረጃ ከግድግዳው 10 ሳ.ሜ ርቆ ሲሰቀልና ወለሉ ላይ ምንጣፍ ሲነጠፍ የክፍሉ ማስተጋባት ይቀንሳል፤ ታች ላለው ጎረቤት የሚሰማውን ቤዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ግን ይህም አያስቆምም። ለዚያ ድምፅ ማጉያውን ከወለሉ በወፍራም ስፖንጅ ማንሣት ይረዳል፤ ከምሽት በኋላ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው መፍትሔው።

በዘይት ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ ካለ አንድ ነገር በጥብቅ ይያዝ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ ተጨማድዶ ከተጣለ ማንም እሳት ሳያስነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቆቹን በረንዳ ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ካልሆነ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውሃ ውስጥ ንከሯቸው። ቲነርና ተርፔንታይን ከምድጃ ይራቁ፤ መታጠቢያ ውስጥም አይደፉ።

መብራት

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ደማቅ ነጭ፣ 6500 ኬልቪን የሆነው አምፖል ነው፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። የቆዳና የእንጨት ቀለም ያገረጣል። ለሳሎን 2700 ወይም 3000 ኬልቪን ያለውን ፈልጉ፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ለልብስ ስፌትና ለሥዕል ጠረጴዛ 4000 ይሁን፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ብቻ። ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ጣሪያ ላይ አታድርጉ። የቀለም ታማኝነት መለኪያው፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ 90 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ቀይና ቡናማ በትክክል ይታያሉ። መስተዋት ባለው ክፈፍ ላይ ብርሃኑ ከላይ ዘመም ብሎ ይምጣ፤ ፊት ለፊት ከመጣ የሚታየው አምፖሉ ነው።

መስመር አዲስ ከመዘርጋት ይልቅ የሚቆም መብራትና ቆንጣጭ መብራት ይመረጣሉ፤ ግድግዳ አይነኩም፣ ባለቤታቸው ይዟቸው ይወጣል። የ10 አምፔር ማከፋፈያ በ220 ቮልት የሚችለው 2200 ዋት ነው። የዲዛይነሯ ካውያ ብቻውን ወደ 2000 ሊደርስ ይችላል፤ ከድምፅ ማጉያና ከመብራት ጋር በአንድ ማከፋፈያ ከተሰካ ገመዱ ሊቀልጥ ይችላል። ካውያው በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ።

ገንዘቡ እንዴት ይከፈል?

ሁሉን ለአራት ማካፈል ወይስ ዕቃ ለየሰው? ሁለቱንም፣ በየቦታው። ቤቱ ላይ የሚቀረው ማለትም ቀለም፣ ስቱኮ፣ ሐዲድና ፊሸር እኩል ለአራት ይካፈል፤ የሚወጣው ሰው ምንም አይጠይቅም። የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ግን አንድ ባለቤት ይኑረው፦ ሶፋው ያንተ፣ ምንጣፉ የእሷ፣ ጠረጴዛው የእሱ። በጋራ የተገዛ ሶፋ አንዱ ሲወጣ ሩቡ አይቆረጥም፤ ጠቡም የሚነሣው ከዚያ ነው። በዋጋ ካልተመጣጠኑ ርካሹን የገዛው መጋረጃውን ይጨምር። ዝርዝሩ በአንድ ወረቀት ተጽፎ አራቱም ይፈርሙበት፤ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ።

ቤቱን ስትለቁ ብሎኖቹን አውጡ። ፊሸሩን ለመንቀል አትታገሉ፤ ልስን ይዞ ይመጣል። ከግድግዳው ጋር እኩል ቁረጡትና በትንሹ ወደ ውስጥ ግፉት። በስቱኮ ሙሉት፤ ሲደርቅ ስለሚሰረጉድ በማግስቱ ድገሙት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የተረፈውን ቀለም በደንብ በጥብጣችሁ ነጠብጣቡን በትንሽ ሩሎ ቅቡ፤ በቡሩሽ ከተቀባ ዱካው ይለያል። ሁለት ዓመት ፀሐይ የመታው ግድግዳ ላይ ግን አዲሱ ቀለም ደምቆ ይታያል፤ እዚያ ላይ ያንን አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር እንደገና መቀባት ነው።